ድምፅ ያልተሰጠበት ግብር፦ የ2017 በጀት ዓመት ከምክር ቤቱ ወንበር ሲታይ

የ2017 በጀት ዓመት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት እጅ የማውጣት ዓመት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዋዜማው፣ በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ 971.2 ቢሊዮን ብር በጀት አጸደቁ። በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ፈቀዱ። በጥር የማይንቀሳቀስ ንብረት ታክስ አዋጅን አሳለፉ። በሰኔ 2017 መጨረሻ ለ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር አጸደቁ። ሐምሌ 10 ቀን 2017 ደግሞ በልዩ ስብሰባ ተሰይመው የገቢ ግብር አዋጁን ማሻሻያ በአብላጫ ድምፅ አሳለፉ።

ዓመቱን መለስ ብሎ የሚመረምር አንድ የምክር ቤት አባል እነዚህን አምስት ውሳኔዎች በማስታወሻው ላይ ያገኛቸዋል። ነጋዴው ግን ስድስተኛ አለው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ዕለት። በዚያ ዕለት በምክር ቤቱ አዳራሽ ማንም እጁን አላወጣም። ውሳኔው የብሔራዊ ባንክ ነበርና። ሆኖም ከአስመጪ እስከ ችርቻሮ ሻጭ ያለውን የንግድ ሰንሰለት ኪስ በመንካት ረገድ ከአምስቱ አዋጆች የትኛውም አልተስተካከለውም። የዓመቱ ትልቁ የግብር ጭማሪ ድምፅ ያልተሰጠበት ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጣኔው ሳይነካ ሒሳቡ እጥፍ

አሠራሩን ለማስታወስ ያህል፣ ጉምሩክ የሚገባውን ዕቃ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ይይዛል፤ በተመኑ ወደ ብር ይቀይራል፤ ከዚያም በብሩ ላይ ቀረጡን ያሰላል። በዚያ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ኤክሳይዙ፣ ቀጥሎም ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እንደ ዕቃው ዓይነት ሱር ታክስ፣ ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ይታከልበታል። የምንዛሪው ተመን የዚህ ሁሉ መሠረት ነው። መሠረቱ ሲነሣ የተደረደረው ሁሉ አብሮ ይነሣል።

በቁጥር እንየው። ለቀረጥ የተያዘው ዋጋ 10,000 ዶላር የሆነ፣ 20 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ይኑር እንበል። ሌሎቹን ክፍያዎች ለጊዜው ትተን ቀረጡንና ቫቱን ብቻ እንያዝ። ዶላሩ በባንክ 57 ብር ከ50 ሳንቲም አካባቢ በነበረበት ጊዜ ዕቃው 575,000 ብር ነበር። ቀረጡ 115,000፣ ቫቱ 103,500፣ በድምሩ 218,500 ብር ይሆናል። በ2017 አጋማሽ ዶላሩ 125 ብር አካባቢ ሲደርስ ያው ዕቃ 1,250,000 ብር ሆነ። ቀረጡ 250,000፣ ቫቱ 225,000፣ በድምሩ 475,000 ብር። የቀረጡ መጣኔ ያው 20 በመቶ፣ የቫቱም ያው 15 በመቶ ነው። ለመንግሥት የሚከፈለው ግን በ256,500 ብር ጨምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «ነጋዴው መች ዶላር በ57 ብር አገኘና ነው? ቀድሞውንም በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ይገዛ ነበር» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ከሐምሌ 2016 በፊት የባንክ ወረፋ የማይደርሰው አስመጪ ዶላሩን የሚያገኘው በሁለት እጥፍ ዋጋ እንደነበር ገበያው ያውቀዋል። ነገር ግን ይኸው ክርክር ነጥቡን ይበልጥ ያጠናክረዋል። ያ አስመጪ ዶላሩን በጥቁር ገበያ ዋጋ ቢገዛም ቀረጡን ይከፍል የነበረው በባንኩ ተመን ነው። ተመኑ ሲለቀቅ የዶላሩ ዋጋ ለእርሱ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠበት የጉምሩክ ሒሳቡ ነው።

ቫቱ በሽያጭ ጊዜ ይቀናነሳል የሚልም ይኖራል። ይቀናነሳል። ግን ዕቃው ወጥቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተሸጦ፣ በዱቤ የተሰጠውም ተሰብስቦ እስኪያልቅ ድረስ ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። ያው ኮንቴይነር እንዲወጣ ከበፊቱ እጥፍ ብር በጥሬው መያዝ የግድ ሆነ። ብሩ ከየት ይምጣ? ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። በ2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። የጉምሩኩ ሒሳብ ከ100 በመቶ በላይ ሲያድግ ብድሩ በ18 በመቶ እንዲያድግ ከተፈቀደ፣ ልዩነቱን የሚሞላው የነጋዴው የራሱ ካፒታል ነው። ካፒታሉ ያልበቃው ሁለት ኮንቴይነር ያስገባ የነበረውን አንድ ያደርጋል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኸው ነው።

የመንግሥትም ወገን ይደመጥ

ሚዛኑን ለመጠበቅ የሌላውንም ወገን ሒሳብ ማየት ይገባል። ከአሥር ዓመት በፊት የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 12 በመቶ አካባቢ ነበር። በቅርቡ ዓመታት ወደ 7 በመቶ አካባቢ ወርዶ ታይቷል። በዚህ ገቢ ደመወዝ መክፈል፣ መንገድ መሥራትና ዕዳ ማቃለል አይቻልም። ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር መሸፈን ደግሞ የዋጋ ንረትን ያስከትላል። የዋጋ ንረት በበኩሉ አዋጅ የማያሻው፣ በድኃው ላይ የሚከፋ ግብር ነው። በዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቀው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርም ከተመኑ ለውጥ ጋር በአንድ ሳምንት የመጣ፣ ገቢን ማሳደግን የሚጠይቅ ነበር።

በዝቅተኛው ተመን ቀረጥ ማስላቱም ፍትሐዊ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የባንክ ዶላር ላገኙት ጥቂቶች ድርብ ድጎማ ነበር፤ ዶላሩም ርካሽ፣ ቀረጡም ርካሽ። ስለዚህ የጉምሩኩ ሒሳብ መነሣቱ ስሕተት ነበር አንልም። የምንለው የግብር ጭማሪ ነበር ነው። የግብር ጭማሪ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ተሰልቶ ለሕዝብ ተወካዮች ሊቀርብ ይገባ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧል። ንዑስ አንቀጽ 11 በፌዴራል መንግሥት የገቢ ምንጮች ላይ ግብርና ታክስ የመጣሉንና በጀት የማጽደቁን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። ከላዩ ያለው ንዑስ አንቀጽ 10 ደግሞ የፋይናንስና የገንዘብ ፖሊሲን የማጽደቅ፣ ገንዘብን፣ ብሔራዊ ባንክንና የውጭ ምንዛሪን የሚመለከቱ ሕጎችን የማውጣት ሥልጣንም የዚሁ ምክር ቤት መሆኑን ይናገራል። ተመኑን በየዕለቱ የሚከታተለው ባንኩ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሥልጣኑም በአዋጅ የተሰጠው ነው። ተመኑ ሲለወጥ ግብሩ በስንት እንደሚለወጥ የመጠየቅ ኃላፊነት ግን ከተወካዩ ትከሻ አይወርድም።

አንድ ወር ያልቆየ በጀት

የ971.2 ቢሊዮኑ በጀት በጸደቀ አንድ ወር ሳይሞላው መሠረቱ ተለወጠ። የውጭ ዕዳ፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ሁሉም በዶላር ነው። አምስት ወር ሳይሞላም የ582 ቢሊዮኑ ተጨማሪ በጀት መጣ። ይህ ከዋናው በጀት 60 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1.55 ትሪሊዮን ብር ግድም ይሆናል። ከተጨማሪው በጀት ምክንያቶች አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። ማንም የሚቃወመው አይደለም። ጥያቄው ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

የጥያቄው መልስ በዚያው ወር በመርካቶ ታይቷል። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬም ሲናፈስ፣ በርካታ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የከተማው ገቢዎች ቢሮ ውርስ የሚባል ነገር እንደሌለ አስተባበለ። ወሬው ሐሰት ቢሆንም ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ቸርቻሪው ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ከጅምላው ያለ ደረሰኝ ስለሚገዛ ነው። ጅምላውም ወደ አስመጪው ይጠቁማል። ሰንሰለቱ ከላይ ሳይታሰር ከታች ሲጎተት የሚበጠሰው በደካማው ላይ ነው። በአራት ኪሎ ወጪው በሚጸድቅበት ወር ገቢው በመርካቶ እንዲህ ይፈለግ ነበር።

ከ971 ወደ 1,930 ቢሊዮን

የ2018 በጀት ሲታወጅ ሁሉም ያየው የትሪሊዮኑን ቁጥር ነው። ለኮንትራክተሩና ለኢንቨስተሩ የሚጠቅመው ግን ክፍፍሉ ነው። በመጀመሪያው የ2017 በጀት መደበኛ ወጪ 451.3 ቢሊዮን፣ ካፒታል 283.2 ቢሊዮን፣ የክልሎች ድጋፍ 222.7 ቢሊዮን ነበር። የካፒታሉ ድርሻ 29 በመቶ፣ የመደበኛው 46 በመቶ፣ የክልሎቹ 23 በመቶ ነው። በ2018 መደበኛው ወደ 1.2 ትሪሊዮን ሲጠጋ ካፒታሉ 415 ቢሊዮን፣ የክልሎቹ 315 ቢሊዮን አካባቢ ሆነ። እንግዲህ መደበኛው ከ60 በመቶ በላይ ሲይዝ ካፒታሉ ወደ 22 በመቶ፣ የክልሎቹ ወደ 16 በመቶ ወርደዋል ማለት ነው። ጉድለቱም ከ400 ቢሊዮን ብር በላይ ነው።

መደበኛውን ያሳበጠው ምንድን ነው? በዋነኛነት ዕዳ ነው። ለዕዳ ክፍያ የተያዘው በመጀመሪያው የ2017 በጀት ወደ 139 ቢሊዮን ብር ነበር። ለ2018 ከ460 ቢሊዮን ብር በላይ ተይዟል። ለዕዳ የሚከፈለው ከጠቅላላው የካፒታል በጀት በለጠ ማለት ነው።

ካፒታሉ በብር በ132 ቢሊዮን ጨምሯል የሚል ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን መንግሥት ለግዥው በሚጠቀምበት የባንክ ተመን ሲሰላ 283 ቢሊዮኑ በ57 ብር ከ50 ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። 415 ቢሊዮኑ በ135 ብር አካባቢ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሲሚንቶውና የቀን ሠራተኛው በብር ነው፤ ማሽኑ፣ ብረቱና ጎማው ግን በዶላር ነው። በመንግሥት ፕሮጀክት የሚተማመን ሥራ ተቋራጭ ከትሪሊዮኑ ዜና ይልቅ ይህን ስሌት በጠረጴዛው ላይ ቢያኖር ይሻለዋል።

የ8.33 በመቶ መስመር

አሁን ወደ ገቢ ግብሩ ማሻሻያ፣ ወደ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እንለፍ። ለነጋዴው ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ የሚከብደው ዝቅተኛው ግብር ነው። የሚከፍለው የትርፍ ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ 2.5 በመቶውን እንዲከፍል ይደነግጋል። የመንግሥት ምክንያት ግልጽ ነው። ከዓመት ዓመት ኪሣራ እያስመዘገቡ ሱቃቸውን የማይዘጉ፣ እንዲያውም የሚያስፋፉ ድርጅቶች በዝተዋል። ኪሣራው በወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሽያጩን መያዝ አንዱ መላ ነው።

ችግሩ ሁሉም ንግድ አንድ ዓይነት ትርፍ የለውም። የድርጅቶች የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። 2.5ን ለ30 ብናካፍል 8.33 በመቶ ይመጣል። ከሽያጩ 8.33 በመቶ የተጣራ ትርፍ የሚያገኝ ድርጅት በሁለቱም መንገድ ያው ይከፍላል። ከዚያ በላይ የሚያተርፈውን አዲሱ ድንጋጌ አይነካውም። ከዚያ በታች ያለው በትርፉ ሳይሆን በሽያጩ ይገበራል።

በዓመት 40 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ፣ 4 በመቶ የሚያተርፍ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት እንውሰድ። ትርፉ 1.6 ሚሊዮን ነው። በ30 በመቶ ቢሰላ 480,000 ብር ይከፍል ነበር። በሽያጩ ሲሰላ 1 ሚሊዮን ብር ነው፤ የትርፉ 62.5 በመቶ ማለት ነው። ትርፉ 2 በመቶ ከሆነ ደግሞ 800,000 ብር አትርፎ 1 ሚሊዮን ይገብራል። በብዛት ሽጦ በጥቂት ትርፍ የሚኖረው ጅምላ ነጋዴ፣ ማለትም ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ብረቱን የሚያዘዋውረው ሰው፣ ከዚህ መስመር በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ሽያጩን ይደብቃል። የመጀመሪያው ሸማቹን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ አዋጁ ሊያጠፋው የተነሣውን በሽታ መልሶ ያመጣል።

አነስተኛው ነጋዴም የሚያየው መስመር አለው። ግብር ከፋዮች ከሦስት ደረጃ ወደ ሁለት ሲጠቃለሉ ወሰኑ የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ሆኗል። በ2016 መጨረሻ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የቫት መመዝገቢያውም ይኸው 2 ሚሊዮን ነው። በቀን ሲካፈል 5,500 ብር ግድም ነው። ዋጋ በሚንርበት አገር ይህን ያህል ለመሸጥ ትልቅ መደብር አያስፈልግም። አንድ የሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሳያድግ፣ የሸቀጡ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል።

ደመወዝተኛው ምን አገኘ?

ማሻሻያው ለተቀጣሪው ጥሩ ዜና ይዞ መጥቷል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከ10,000 ብር ደመወዝ 2,045 ብር ይቆረጥ ነበር፤ በአዲሱ 1,650 ብር ነው። ልዩነቱ 395 ብር ነው። የ20,000 ብር ደመወዝተኛ 550 ብር ይተርፈዋል። የደንበኛው ኪስ የነጋዴው ገበያ ነውና ይህም ለዚህ ገጽ አንባቢ የማያስደስት አይደለም።

ነገር ግን የ600 ብሩ ወሰን በ2008 ሲወጣ ዶላሩ 22 ብር አካባቢ ስለነበር 27 ዶላር ያህል ነበር። በ2017 መጨረሻ 2,000 ብር 15 ዶላር አይሞላም። ሠራተኛው እንጀራውን በዶላር አይገዛም፤ ዘይቱ፣ መድኃኒቱና የታክሲው ነዳጅ ግን የዶላሩን መንገድ ይከተላሉ። እንግዲህ እዚህም የታየው ያው ነገር ነው። ምክር ቤቱ ወሰኑን ከፍ አድርጎ ድምፅ ሰጠ፤ በዘጠኙ ዓመታት ውስጥ ደግሞ የብር መውረድ ወሰኑን ያለ ድምፅ ዝቅ አድርጎት ነበር። ሁለቱ ሲቻቻሉ ተቀጣሪው ከ2008 በታች ሆኖ ተገኘ።

ለተወካዩ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች

የምክር ቤቱን መቀመጫ እጅግ የሚበዛውን ገዥው ፓርቲ መያዙ ይታወቃል። ስለዚህ የበጀት ድምፅ ውጤት አስቀድሞ የሚገመት ነው። ውጤቱ መገመቱ ግን ጥያቄን አይከለክልም። የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አስረጂ መጥራት፣ ሰነድ መጠየቅ ይችላል። የሚቀጥለው በጀት ሲቀርብ ነጋዴው ማኅበረሰብ በንግድ ምክር ቤቱም፣ በየዘርፍ ማኅበሩም በኩል ሊያቀርባቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ በጀቱ የተሰላው በየትኛው የምንዛሪ ተመን ነው? ተመኑ በ10 ብር ቢጨምር የጉምሩክ ገቢው በስንት ይጨምራል? ይህ ቁጥር ከበጀት ሰነዱ ጋር ቢቀርብ ከምንዛሪ የሚመጣው ግብር በአደባባይ ይታያል። ትርፍ ገቢ ከተገኘም የትኛውን ቀረጥ መቀነስ እንደሚቻል መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የግብር ሕጉ ለምን ከበጀቱ በኋላ ይመጣል? የ1.93 ትሪሊዮኑ ወጪ ሰኔ 26 ቀን ጸደቀ፤ የገቢ ግብሩ ማሻሻያ ሐምሌ 10። ወጪው ቀድሞ ሲወሰን ግብሩን የሚመረምረው ተወካይ እጁ ታስሯል። 2.5ቱን በመቶ ወደ 1.5 ዝቅ እናድርግ ቢል፣ «የጸደቀው በጀት በምን ይሸፈናል?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በብር የተጻፉት ወሰኖች በየስንት ጊዜው ይከለሳሉ? የ2,000 ብሩም ሆነ የ2 ሚሊዮኑ ወሰን ዋጋ በናረ ቁጥር ይሟሟል። በየሁለት ዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እንዲከለሱ በሕግ ቢደነገግ፣ ዘጠኝ ዓመት ተጠብቆ በአንድ ጊዜ መነቅነቅ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ነጋዴውም እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የድርጅቱ ትርፍ ከ8.33 በመቶው መስመር በላይ ይሁን በታች የሒሳብ ሠራተኛውን ዛሬውኑ ይጠይቅ። በታች ከሆነ፣ ዓመቱ ከማለቁ በፊት የትኛው ሸቀጥ ሽያጩን እያበዛ ትርፉን እንደሚያሳንስ ይለይ። ከጅምላው ደረሰኝ ሳይቀበል አይግዛ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ትርፍ መስሎ ይታያልና። አዲስ ኤል ሲ ሲከፍትም የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው በሚደርስበት ጊዜ ሊኖር የሚችለውን ተመን ይዞ የጉምሩኩን ሒሳብ ያስላ።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው፤ የወጪው ነገር በዚያ ይታያል። ከምንዛሪ ለውጥ የተሰበሰበውን ግብር ለይቶ ለምክር ቤቱ የሚያቀርብ ሪፖርት ግን በሕግ አልታዘዘም። የ2017ን ዓመት የሚመረምር ተወካይ ድምፅ በሰጠባቸው አዋጆች ላይ መልስ አያጣም። ነጋዴው የሚጠይቀው ድምፅ ስላልሰጠበት ነው።